ከብርሃኑ ውስጥ የጎደለው

በክረምት ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የወጣ ሰው ያውቀዋል። ጉሙ ሲወርድ ከፊት የሚመጣው አይሱዙ አይታይም፤ ብቅ የሚለው መብራቱ ብቻ ነው። ሾፌሩ የጉሙን ውፍረት የሚገምተው በዚያው መብራት ነው። ደብዝዞ ከመጣ ፍሬን ይነካል።

የሥነ ፈለክ ሰዎች አይሱዙ ኳዛር ይባላል። በሩቅ ጋላክሲ መሃል ያለ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ጋዝ ሲውጥ፣ በዙሪያው የጋለው ጋዝ የሚረጨው ብርሃን ነው። በመንገዱ ላይ ያሉት የጋዝ ደመናዎች ግን ራሳቸው አያበሩም ማለት ይቻላል። የሚታወቁት ከሚያልፍባቸው ብርሃን ቆንጥረው በሚያስቀሩት ነው። ብርሃኑ እንደ ማርያም መቀነት በየቀለሙ ሲዘረጋ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ይታዩበታል። ሃይድሮጅን የሚቆነጥረው የሞገድ ርዝመቱ 121.6 ናኖሜትር የሆነውን ብርሃን ነው። ካርቦንና ማግኒዚየምም የየራሳቸው ቦታ አላቸው።

እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ሕዋ ስለሚሰፋ ብርሃኑ በጉዞው ላይ እየተለጠጠ ወደ ቀይ ይሄዳል። ስለዚህ የሩቁ ደመና መስመር ወደ ቀዩ ይጠጋል፣ የቅርቡ ወደ ሰማያዊው። በአንድ ኳዛር ብርሃን ላይ በመቶ የሚቆጠሩ መስመሮች ይደረደራሉ፤ ባለሙያዎቹ በዚያችው የሃይድሮጅን መስመር ስም «የላይመን አልፋ ደን» ይሉታል። (ወፍ ዋሻን ላየ ሰው ደን የሚለው ስም ትንሽ የተጋነነ ነው።) ካርቦን የሚሠራው ከዋክብት ውስጥ ስለሆነ፣ ካርቦን የተገኘበት ደመና አካባቢ ከዋክብት ኖረው ሞተዋል ማለት ነው። በ2011 እንደ ፈረንጆቹ ደግሞ ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም የከበደ ንጥረ ነገር ምልክቱ እንኳ ያልታየባቸው ሁለት ደመናዎች ይፋ ሆኑ። ከታላቁ ፍንዳታ 2 ቢሊዮን ዓመት ያህል በኋላ የነበረ፣ የኮከብ አመድ ያልነካው ጋዝ!

ታዲያ ልጆቻችን ስለ ሕዋ ሲማሩ የፕላኔት ስም ተራ በተራ መሸምደዳቸው ያናድደኛል። «ቴሌስኮፕ የለንም» የሚለው ሰበብ አይዋጥልኝም። ከጥቁሮቹ መስመሮች ይጀመር። ካርቶን ላይ በምላጭ ጠባብ ስንጥቅ አውጡ፣ ከውስጥ አሮጌ ሲዲ አጋድማችሁ ለጥፉ። ከዚያ በጥቅምት የደብረ ብርሃን ጥርት ያለ ሰማይ ላይ አነጣጥሩ፤ ፀሐይን በቀጥታ ማየት ግን የለም። ስንጥቁ በደንብ ከጠበበ ቢጫው መሃል አንዲት ጥቁር መስመር ትታያለች። የፀሐይ ሶዲየም የቆነጠረው ነው፤ ያው የወጥ ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም።

ካርቶኑን ባለሱቁ በነፃ ይሰጣል። ሲዲው የሠርግ ቪዲዮ እንዳይሆን ብቻ አስቀድማችሁ እናታችሁን ጠይቁ።