ውስጥ እግርዎን አይተው ያውቃሉ?

ባለፈው ክረምት አክስቴ ከገጠር መጡ። ማታ እግራቸውን ላጥብ ብዬ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቀረብኩ። ግራ እግራቸውን ሳነሳ ተረከዛቸው አጠገብ ጥቁር ነገር አየሁ። የሳንቲም ስፋት አለው። ዳሩ ተዘበራርቋል፣ መሃሉ ቆስሏል። «እሾህ ወግቶኝ ነው ልጄ፣ ሁለት ዓመቱ» አሉኝ። ጤና ጣቢያም ሄደው ነበር፤ የሚቀባ ነገር ተሰጥቷቸው ተመለሱ።

የቆዳ ሐኪም ናሙና ወስዶ ሲያስመረምር ሜላኖማ የሚባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ያኔ ብሽሽታቸው ላይ ንፍፊት ወጥቶ ነበር። ካንሰሩ እዚያ ደርሷል። ቶሎ ቢታወቅ ቆርጦ ማውጣቱ ብቻ ሊበቃ ይችል ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የቆዳ ካንሰር የፈረንጅ በሽታ ነው ስንባል ኖረናል። እርግጥ ነጮችን በብዛት ይይዛል። እኛን ሜላኒን የሚባለው የቆዳችን ቀለም ከፀሐይ ይከልለናል። ግን ጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው። ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። ቦብ ማርሌይን የገደለውም ይኸው ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1977 የእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ተገኘበት። ጣቱ ይቆረጥ ሲባል እምቢ አለ። በ1978 ሻሸመኔ የመጣው ይህን ካወቀ በኋላ ነበር። በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ።

ስለዚህ ከውጭ የተቀዳው «ሰንስክሪን (ከፀሐይ የሚከላከል ቅባት) ተቀቡ» የሚለው ምክር ብቻውን አይበቃንም። እሱ ሕይወት የሚሆነው አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖቻችን ነው። ሜላኒን ስለሌላቸው ወይም በጣም ስለሚያንሳቸው ፀሐዩ በቀጥታ ያገኛቸዋል፤ ብዙዎቹ ገና በወጣትነታቸው በካንሰር ይያዛሉ። ለነሱ ሰንስክሪን እንደ መዋቢያ በውድ ዋጋ ሲሸጥ ማየት ያሳዝነኛል። መድኃኒት ነው። እንደ መድኃኒት በየጤና ጣቢያው ሊሰጣቸው ይገባል። እስከዚያው ሰፊ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ አይለያቸው።

ሌሎቻችን ግን እግራችንን እንይ። ብዙ ጥፍሮች ላይ ያለ ቀጭን ጥቁር መስመር ጥቁር ሰው ላይ የተለመደ ስለሆነ አያስደንግጥዎ። አንድ ጥፍር ላይ ብቻ ወጥቶ እየሰፋ ከሄደ፣ ወይም ጥቁረቱ ወደ ጥፍሩ ዙሪያ ቆዳ ከፈሰሰ ግን አይደር። አንድ ወር አልፎት ያልዳነ ቁስልም እንደዚያው። በልጅነት እሳት ያቃጠለው ጠባሳ ከዓመታት በኋላ ቆስሎ አልድን ካለም ካንሰር ሊሆን ይችላል። ቅባት ብቻ ይዘው አይመለሱ። «ናሙና ይወሰድልኝ» ይበሉ።

አክስቴ ሕክምናቸውን እየተከታተሉ ነው። በየመሃሉ አገር ቤት ሲመለሱ ቡና ሊጠጡ የመጡትን ጎረቤቶች ጫማ አስወልቀው ውስጥ እግራቸውን ያያሉ አሉ።