ለአልረጋ ባዩ ምስል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የኦሲሎስኮፕ ስክሪን ሯጭ
ባሉበት (ቆመው የማይገኙ ከሆነም በሚሮጡበት)

ጉዳዩ፦ ለአንድ አፍታ ቆመው እንዲታዩ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ለብርታትዎ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ። ከማለዳ እስከ ምሽት የኤሌክትሪክ ሲግናልን ውጣ ውረድ በብርሃን መስመር በሚስለው መሣሪያ፣ በአሮጌው አናሎግ ኦሲሎስኮፔ ስክሪን ላይ ሲሮጡ አንዲት ጠብታ ላብ ሲወጣዎት አላየሁም፤ የደከመው የእኔ ዓይን ብቻ ነው።

የጠየቅሁዎት ብዙ አልነበረም። በ9600 ባውድ (በሰከንድ 9600 ቢት) የሚላክ፣ 65 ቁጥርን የያዘ አንድ ባይት (ስምንት ዜሮና አንድ ቢቶች) ለማየት ነበር የፈለግሁት፤ እያንዳንዱ ቢት 104 ማይክሮሰከንድ ያህል ይቆያል፣ የባይቱን መጀመሪያና መጨረሻ የሚያመለክቱት ስታርትና ስቶፕ ቢቶች ተጨምረውም ሁሉም ነገር በ1.04 ሚሊሰከንድ ገደማ ያበቃል። እርስዎ ግን ሦስት ሆነው፣ ያውም አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው መጡ፤ በአንዱ ቦታ መስመሩ ከላይም አለ፣ ከታችም አለ፤ ዜሮ ነው ብዬ ስጽፍ አንድ፣ አንድ ነው ብዬ ስሰርዝ ዜሮ ይሆኑብኛል።

ምስሉ ከየት እንደሚጀምር የሚወስነውን ትሪገር እንዳልወቅሰው ሥራውን አውቃለሁ። ምስሉን የሚስለውን ጨረር ሁልጊዜ ሲግናሉ በተወሰነ ቮልቴጅ ላይ ሲያልፍ ያስነሳል፤ ለሳይን ሞገድ ይህ ይበቃል፣ አንዱ ዙር የሌላው ግልባጭ ነውና። በ65 ውስጥ ግን መስመሩ ሦስት ጊዜ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፦ በስታርት ቢቱ፣ ከመጀመሪያው የዳታ ቢት በኋላና ከመጨረሻው የዳታ ቢት በፊት። ሦስቱም አንድ መልክ አላቸው። ሦስት መንትዮች በአንድ መታወቂያ በር ላይ ቢቆሙ ዘበኛው ቀድሞ የደረሰውን ከማስገባት በቀር ምን ያድርግ?

በዚህ ላይ ትሪገሩን በኤሲ ኮፕሊንግ (የሲግናሉን አማካይ ቮልቴጅ አስቀርቶ ለውጡን ብቻ በሚያሳልፈው ቅንብር) ላይ ትቼልዎት ነበር። የሚላከው ዳታ በተለወጠ ቁጥር የሲግናሉ አማካይ ስለሚዋልል፣ በጥንቃቄ ያስቀመጥሁት ሌቭል (ትሪገሩ የሚነሳበት ቮልቴጅ) እርስዎን ፍለጋ ከርታታ ሆነ። ሲግናሉን እንዳለ ወደሚያሳልፈው ዲሲ መልሼ 1.5 ቮልት አካባቢ ስተክለው ጥቂት አደብ ገዙ፤ ስለዚህኛው አልከስዎትም፣ ስንፍናው የእኔ ነበር።

ሁለተኛውን ቻናል (የሌላ ሲግናል መግቢያ) የከፈትሁ ዕለት የሠሩኝን ግን አልረሳም። ሁለቱም ሞገዶች ቀጥ ብለው ቆሙ፤ እኔም በደስታ በመካከላቸው ያለውን የጊዜ ልዩነት ለካሁ፣ መዝግቤም ያዝሁ። ለካስ ማሳያው በየተራ ነበር፣ እያንዳንዱም ቻናል ራሱን በራሱ ያስነሳ ኖሯል፤ የለካሁት ልዩነት ከስክሪኑ ውጭ የትም የለም። ዶሮን ሲያታልሏት እንዲሉ።

በመጨረሻ የሆልድኦፍ ማዞሪያውን አስታወስሁ። ፕሮግራሙ ያንኑ ባይት በየ5 ሚሊሰከንዱ እንዲልክና ቀሪውን ጊዜ ዝም እንዲል አደረግሁ፤ ጨረሩም አንድ ጊዜ ከተነሳ በኋላ ሙሉው ባይት እስኪያልፍ ድረስ ለማንም መንትያ እንዳይከፍት ማዞሪያውን ቀስ እያልሁ አዞርሁ። ምስሉ ተንቀጠቀጠ፣ አንዱ ጥላ ወደ ግራ ሸሸ፣ ሌላው ጠፋ፤ እርስዎም ቆሙ። ለማረጋገጥ ያህል አንድ ሥራ ፈት ፒን ከባይቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ከፍ እንዲል አድርጌ ወደ ውጫዊው ትሪገር መግቢያ አስገባሁት፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ሐውልት ነዎት። ቢቶችዎን አንድ በአንድ ቆጠርሁ፦ አንድ፣ አምስት ዜሮ፣ አንድ፣ ዜሮ። ልክ ነዎት፤ እንከን የለብዎትም።

ችግሩ ይህ ነው፣ ክቡር ሆይ። እኔ የምፈልገው ስንት ጊዜ በትክክል ከተላከ በኋላ አንዴ ብቻ ተበላሽቶ የሚመጣውን ባይት ነው፤ ይህ ስክሪን ደግሞ አጥርቶ የሚያሳየኝ የሚደጋገመውን ብቻ ነው። ትናንት ማታ ከቆመው ምስል በላይ አንዲት ደብዛዛ መስመር ብልጭ ብላ በፎስፈሩ (በስክሪኑ የሚያበራ ልባስ) ላይ ጠፋች። እኔ በዚያች ቅጽበት ሻይ እየቀዳሁ ነበር።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሆልድኦፍ ማዞሪያ
ባለበት