ወግ አጥባቂ ማለት ለውጥ ጠል ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ «ወግ አጥባቂ ለውጥ አይወድም፣ ሊበራል ደግሞ ሃይማኖት የለውም» ብለሃል። አቦ፣ ይሄ ስህተት ነው! እዚህ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር ሻይ ስንጠጣም ደጋግሜ የምሰማው ነገር ነው።

የጀርመን መንግሥት መሪ የነበረው ቢስማርክ ወግ አጥባቂ ነበር። የሠራተኞች የጤና መድን በ1883 እ.ኤ.አ. በሕግ እንዲወጣ ያደረገው ግን እሱ ነው። አራት ጊዜ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ግላድስተን ደግሞ ሊበራል ነበር፤ ጸሎተኛ ክርስቲያንም ነበር።

ልዩነታቸው በአብዛኛው ሌላ ቦታ ነው። ወግ አጥባቂው ነባሩን ተቋም ያምናል፣ ለውጡ ቀስ ይበል ይላል። ሊበራሉ የግለሰቡን መብት ያስቀድማል።

የሰፈራችንን የእድር ዳኛ ተመልከት። ደንቡን ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም። መዋጮው በሞባይል ይሰብሰብ ያሉት ግን እሳቸው ናቸው።