ቅሬ ላይ አንበሳ፣ ኢጋድ ላይ እንግዳ

የወሎ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። አቦሉን ጠጡና አንብቡት። ቶናው ላይ ብትሰድቡኝ አልቀየምም።

ነገሩ የተነሣው ባለፈው የቅሬ፣ ማለት የእድር፣ ስብሰባችን ላይ ነው። ገንዘብ ያዡ ሁለት መቶ ብር ጎደለበት። ሁለት መቶ ብር! ዛሬ ግማሽ ኪሎ ሥጋ እንኳ አይገዛም። ሰው ተነሣ፣ ደብተር ተገለጠ፣ ደረሰኝ አንድ በአንድ ተቆጠረ። ሁለት ሰዓት ያህል ከተጨቃጨቅን በኋላ የድንኳን ማስጠገኛ ሳይመዘገብ ቀርቶ ኖሮ ተገኘ። ሸጋ ነው። ገንዘቡን የሚጠይቅ ሕዝብ እንዲህ ነው። ስንወጣ ግን አንዱ ስልኩ ላይ የአፍሪካ መሪዎችን ጉባኤ አይቶ፣ "እነዚህ ደግሞ ሊበሉ ተሰበሰቡ" አለ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ያፈርኩት ማታ ነው።

ያፈርኩት፣ በዚህ ነገር ለመሳቅ ከኛ ያነሰ መብት ያለው ሕዝብ ስለሌለ ነው። ኢጋድን፣ የምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታትን የጋራ ድርጅት፣ ታውቁታላችሁ፣ ቢያንስ በዜና። ክራባት ያሰሩ ሰዎች፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውኃ። ከየት እንደተወለደስ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ከ77ቱ ረሃብ ነው። ባቲ መጠለያ ላይ ከወደቁት፣ ኮረም ላይ ከተሰለፉት። ኮረም ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። በእርግጥ ድርቁ የኛ ብቻ አልነበረም። ትግራይም ኤርትራም ሱዳንም ነዷል። የዓለም ሰው በቴሌቪዥን አይቶ ያለቀሰው ግን ለኛ እናቶች ነው። ብዙም ሳይቆይ፣ በጥር 1978 ዓ.ም. ኢትዮጵያ፣ ሱዳን፣ ሶማሊያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ጅቡቲ እዚያው ጅቡቲ ላይ ተሰብስበው ድርጅቱን መሠረቱ። "ድርቅ" የሚለው ቃል ስሙ ውስጥ ነበረበት። በ1988 ዓ.ም. ድርጅቱ እንደ አዲስ ሲዋቀር ቃሉ ከስሙ ወጣ። ድርቁ ግን አልወጣም።

ከዚያ ስብሰባ አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔ ሳስበው ሁሌ ይገርመኛል። መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና የሶማሊያው ዚያድ ባሬ ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት የተያዩት እዚያ ነው። ስለ ዝናብ ሊመክሩ ሄደው ስለ ደም አወሩ። በ1980 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ፈረሙ። ይህን ለወሎ ሰው ማስረዳት አለብኝ እንዴ? የአባጋር፣ የአስታራቂ ሽማግሌ አገር አይደለንም ወይ? አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው በግጦሽ ተጣልቶ፣ ሽማግሌ መሃል ገብቶ፣ ዱዓ ተደርጎ ሲታረቅ ያደግን ሰዎች ነን። የታረቀ ሁሉ ተዋዶ እንዳልታረቀም እናውቃለን። በማግስቱ ባቲ፣ የሰኞ ገበያ ላይ ስለሚገናኝ ነው የሚታረቀው። ጎረቤት አገሮችም ከዚህ የተለየ ምክንያት የላቸውም።

አሁን ወደ አንበጣው ልምጣ፣ ምክንያቱም አንበጣው ላይ እኔም ጥፋተኛ ነኝ።

ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ቃሉ ወረዳ ውስጥ፣ አጎቴ ማሽላ ዳር ቆሜ ነበር። ሰማዩ ቡናማ ሆነ። ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ ሽማግሌው ሳይቀር ወጣ። ጀሪካን ደበደብን፣ ጅራፍ አስጮህን፣ ጨርቅ አውለበለብን፣ ጉሮሯችን እስኪዘጋ ጮኽን። ተነሣልን። ተነሥቶም የጎረቤታችን ማሽላ ላይ አረፈ። ጎረቤታችን ደግሞ ከነቤተሰቡ ጮኾ ወደኛ መለሰው። እንዲህ ስንቀባበለው ዋልን። ማታ ሁለታችንም የቀረልን አገዳ ነበር። እሱና አጎቴ ለሳምንት ያህል ሰላምታም አልተለዋወጡም።

ያ አንበጣ ከየት መጣ? "ከአፋር በኩል" ብለን ተውነው። የመጣው ግን ከዚያ ራቅ ካለ ቦታ ነው። በ2010 ዓ.ም. ግንቦትና በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ሁለት አውሎ ነፋሶች ሰው የማይኖርበትን የዓረብ በረሃ በዝናብ አጥለቀለቁት። አንበጣው እዚያ ያለ ከልካይ ተራባ። የመን በጦርነት ላይ ስለነበረች በወጉ የሚከላከለው አልነበረም። ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ሶማሊያና ወደኛ ገባ። መንጋው በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይበራል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን የ35,000 ሰው ምግብ ያህል ይበላል። ይህን በጀሪካን ልንመልስ ነበር።

ለዚሁ ሥራ የተቋቋመ የጋራ ድርጅት አለ፣ የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት። ስምምነቱ የተፈረመው በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው። ከአፍሪካ አንድነት ድርጅት እንኳን ይቀድማል። አውሮፕላንም አለው። ግን አባል አገሮች መዋጮ እያዘገዩበት፣ አንዳንዱም ጭራሽ እየዘነጋው ዓመታት አለፉ። የኛ ቅሬ መዋጮ ያልከፈለውን ይቀጣል፣ ባሰበትም ይሰርዛል። እዚያ ማን ይቀጣል? መንግሥታቱን የሚያሳፍር ከመጣ ከገበሬው ነው የሚመጣው። ገበሬው ደግሞ ድርጅቱ መኖሩን አያውቅም። እኛ የተማርነው፣ ስልክ የያዝነው፣ የምናውቀው አልነገርነውም። ስለ ሁለት መቶ ብር ሁለት ሰዓት ተጨቃጭቀን፣ "አገራችን ለአንበጣው ድርጅት ስንት አዋጣች?" ብሎ የምክር ቤት ተወካዩን የጠየቀ አንድ ሰው ከመካከላችን አለ? እጁን ያውጣ።

"ምን ይሠራሉ እነሱ፣ ወሬ ብቻ" ትሉኛላችሁ። እውነት አላችሁ፣ በከፊል። ሱዳን ስትነድ ኢጋድ አላጠፋትም። ጭራሽ በጥር 2016 ዓ.ም. ሱዳን አባልነቴን አግጃለሁ አለች። የአፍሪካ ነፃ የሰዎች ዝውውር ፕሮቶኮል በ2010 ዓ.ም. ቀርቦ፣ እንዲጸና 15 አገሮች ማጽደቅ ሲኖርባቸው፣ ያጸደቁት ከአንድ እጅ ጣት አልዘለሉም። አልዋሻችሁም። ግን ገንዘብ ያዡ ደከመ ብላችሁ ቅሬውን አፍርሳችሁ ታውቃላችሁ? ድንኳኑን ለማን ትታችሁ?

ስለዚህ ዝውውር ካነሣን፣ ሌላ የማያስቅ ነገር አለ። ከሐይቅ፣ ከመርሳ፣ ከሐርቡ፣ ከቆቦ የወጡ ልጆች በአፋር አቋርጠው ጅቡቲ ውስጥ ኦቦክ ላይ ጀልባ ይጠብቃሉ። ከዚያ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ፣ ከደረሱ። የስንቱን ቤት ለቅሶ ደርሰናል፣ አስከሬን የሌለው ለቅሶ። የደላላው ስልክ ቁጥር በየመንደሩ ይታወቃል። የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥት በዚህ መንገድ ላይ ምን ተስማሙ፣ ምን ቀራቸው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ደላላው ድንበር ተሻግሮ ተባብሯል። ከኛ መንደር፣ ከሎጊያ፣ ከኦቦክ፣ ከየመን ሆኖ አንድ ሰንሰለት ሠርቷል። ፕሮቶኮል አላስፈለገውም።

ደግሞ አንድ ልማድ አለን። ልጃችን ደቡብ አፍሪካ ሲገባ "አፍሪካ ሄደ" እንላለን። እኛ የት ነን ታዲያ? ባለፈው ደሴ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ከኬንያ የመጣ እንግዳ አይተው "አፍሪካዊ ነው መሰለኝ" ሲሉ ሰማሁ። ያሉት ሰዎች ጥቁሮች ነበሩ፣ እንደኔው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. 32 አገሮች ቻርተር የፈረሙት የኛው ዋና ከተማ ላይ መሆኑን በኩራት እንናገራለን፣ ከዚያ ደግሞ አፍሪካን እንደ ሩቅ አገር እናወራታለን። አይ ወሎዬ!

ውጫሌንም ላንሣው። በየጊዜው በመኪና ታልፉባታላችሁ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ፣ በጣሊያንኛ ሌላ ሆኖ ምን እንዳመጣ ሕፃን ያውቀዋል። ወረቀት ላይ ያለች አንዲት ቃል ጦር እንደምታዘምት በኛ መሬት ታይቷል። እንግዲህ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ምክር ቤታችን የአፍሪካን ነፃ የንግድ ቀጠና ስምምነት አጸደቀ። የዘጠና በመቶ ሸቀጥ ቀረጥ ቀስ በቀስ የሚነሣበት ነው። የኮምቦልቻ ነጋዴዎች፣ አንዳችሁ ገልጣችሁ አይታችሁታል? የትኛው ሸቀጥ ቀድሞ ይገባል፣ የእናንተ ቆዳና ጨርቅ የት ሊሸጥ ይችላል? ርካሽ ዕቃ ገብቶ መደብራችሁን ሲያራግፍ "ማን ፈረመ?" እንዳትሉኝ።

አጎቴ ፊደል አልቆጠረም። ባለፈው ግንቦት ግን ቤቱ ቁጭ ብለን፣ ናይሮቢ አካባቢ ያለ የኢጋድ የአየር ጠባይ ማዕከል በየዓመቱ በዚህ ወር የክረምቱን ዝናብ ትንበያ እንደሚያወጣ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። በማግስቱ የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ ስታልፍ መንገድ ላይ አስቆማት።

"የናይሮቢዎቹ ዘንድሮ ምን አሉ?"

ልጅቱ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ዱላውን ተደግፎ ቆመ። ትንሽ ቆይታ ስልኳን አወጣች።