ከፕላዝማ ወደ ታብሌት፦ መምህሩን ማን ጠየቀው?

ስለ ትምህርትና ቴክኖሎጂ ወሬ በተነሳ ቁጥር የምንጠይቀው ያው ነው። ስንት ታብሌት ተገዛ? ስንት ትምህርት ቤት ኢንተርኔት ገባለት? ይጠየቅ። ግን ከዚህ በፊትም አንድ ትልቅ ነገር ገዝተን ነበር። የእሱን ሒሳብ ሳናወራርድ ወደሚቀጥለው ግዢ መሮጡ አልዋጥልህ ብሎኛል።

ፕላዝማውን ማለቴ ነው። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ የምንለው የቴሌቪዥን ስክሪን ገባ። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት፣ በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት ይለቀቅ ነበር። የከተማውም የገጠሩም ልጅ በአንድ ሰዓት አንድ ዓይነት ትምህርት ያይ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ቤተ ሙከራ ገብቶ የማያውቅ ልጅ ሙከራውን ቢያንስ በስክሪን አየ። ይህን መካድ ግፍ ነው።

ችግሩ ፕላዝማው አይቆምም ነበር። የክፍለ ጊዜው አብዛኛው የእሱ ነበር። ለመምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ጣል ይደረግለታል። የስክሪኑ አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቃል። ትንሽ ዝም ይላል። ክፍሉ ጭጭ። ከዚያ በፈገግታ «ጎበዞች፣ ትክክል ናችሁ!» ብሎ ያልፋል። ማንም አልመለሰም እኮ! እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር የቆየ ልጅ ገና ጥያቄውን እየገለበጠ ነው። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አለቀ። ስርጭቱ ማንንም አይጠብቅም።

መምህሩስ? ጥግ ይዞ ከተማሪው እኩል ያያል። ዲግሪውን ይዞ የመጣ ሰው ሥራው ስክሪን መክፈትና መዝጋት ሆነ። ተማሪ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ቶሎ ነው የሚያነበው።

ከሁሉ የሚገርመው ሥነ ዜጋም በፕላዝማ መሰጠቱ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ዴሞክራሲያዊ ባህል ያለው፣ ችግር ፈቺ ዜጋ ለማፍራት ቃል ገብቶ ነበር። እንግዲህ ስለ መብትና ተሳትፎ የሚያስተምረው ሰው፣ ተማሪ እጁን ቢያወጣ የማያይ ሰው ሆነ።

የተማሪዎች ትብብርም ከላይ ነው የመጣው። «አንድ ለአምስት» ተባለና ተማሪው በጎበዝ ተማሪ በሚመራ ትንሽ ቡድን ተደለደለ። ጎበዙ ተማሪ የቤት ሥራውን ይሠራል፣ የተቀሩት ስማቸውን ያስጽፋሉ፣ ቃለ ጉባኤው ይሞላል፣ ሪፖርቱ ለወረዳ ይሄድ ነበር። አብሮ መማር መልካም ነገር ነው። ግን በትእዛዝ ሲሆን ፎርም መሙላት ሆኖ ይቀራል።

በሌላ በኩል ማንም ያላዘዘውን ቴሌግራምን እዩት። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር በየቦታው የመጽሐፍ እጥረት ነበር። መምህርና ተማሪ ፒዲኤፉን በቴሌግራም ተቀባበሉት። ዛሬ አንዱ ያዘጋጀውን ወርክሺት በሌላ ክልል ያለ መምህር አውርዶ፣ ለክፍሉ አስተካክሎ ይጠቀምበታል። መልሱ ስህተት ከሆነ አንዱ ከሥር ያርማል። ካርዱን ከኪሱ ሞልቶ ነው ታዲያ፤ ያውም በመምህር ደሞዝ! ጫጫታና የተሰረቀ ፈተናም እዚያው አለ፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ከፕላዝማው ይልቅ ትምህርት ቤት የሚመስለው ይኸኛው ነው፤ የሚናገርም የሚመልስም ሰው አለበት።

አሁን ያለንበትን ሁሉም ያውቀዋል። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ከፍ አለ ቢባልም ከአሥር ተማሪ ዘጠኙ ያው ወድቋል። ፈተናው በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል፤ ስርቆትን ለመቀነስም ይረዳል። ልጁ ለምን እንደወደቀ ግን ኮምፒውተሩ አይነግረንም። ይህን የሚያውቀው 9ኛ ክፍል ላይ ያስተማረው መምህር ነው። እሱ ደግሞ የሚጠራው ለሥልጠና እንጂ ለምክር አይደለም። ሁሉም ካለቀ በኋላ አዳራሽ ገብቶ፣ ፓወርፖይንት አይቶ፣ አበሉን ፈርሞ ይመለሳል።

ለመመካከር አዲስ መዋቅር አያስፈልግም። በአንድ አካባቢ ያሉ ትምህርት ቤቶች የሚገናኙባቸው የጉድኝት ማዕከላት አሉ። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረትም አለ፤ ብዙ ቦታ የሚታወሰው ለአጥር ማሠሪያ መዋጮ ሲፈለግ መሆኑ ነው እንጂ። የመሣሪያው በጀት እዚያ ቀርቦ ወላጅ ይየው፣ ተማሪም ይናገርበት። ይዘቱ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ መምህሩ የሚያቆመው፣ የሚቆርጠው፣ የራሱን የሚጨምርበት ይሁን። ትልቅ ውል ከመፈረሙ በፊትም ዕቃው በጥቂት የከተማና የገጠር ትምህርት ቤቶች ለአንድ መንፈቅ ዓመት ይሞከር። መምህራኑ «ይሄ አይሠራም» ካሉ ግዢው ይቁም።