በቱቦ የሚመገብ ልጅ ያላትን እናት ማን ያስተምራት?

በሴሬብራል ፓልሲ (የአንጎል ጉዳት በሚያስከትለው የእንቅስቃሴ ችግር) ወይም በሌላ የነርቭ ችግር ምክንያት መዋጥ የሚያቅተው ልጅ፣ የሚጎርሰው ምግብ ወደ ሳንባው እየገባ በተደጋጋሚ በሳንባ ምች ሲታመም ሐኪሞች በቱቦ እንዲመገብ ይወስናሉ። ቱቦው ወይ በአፍንጫ ገብቶ ጨጓራ ይደርሳል፣ ወይ ደግሞ ሆድ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ በቀጥታ ጨጓራ ውስጥ ይገባል። በአገራችን ሁለተኛው ዓይነት ሕክምና በቀላሉ ስለማይገኝ፣ ብዙው ልጅ ከሆስፒታል የሚወጣው ጉንጩ ላይ በፕላስተር የተያዘ ቀጭን የአፍንጫ ቱቦ ይዞ ነው። ቱቦው ከቦታው አለመንሸራተቱን እንዴት እንደምታረጋግጥና በስሪንጅ እንዴት እንደምትሰጥ ነርሷ ለእናትየዋ ታሳያታለች። ምን እንደምትሰጠው ስትጠይቅ ግን መልሱ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ ፎርሙላ (በፋብሪካ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት)፣ ካልተገኘም ፈሳሽ ነገር።

በሌላው ዓለም ክርክሩ የቤት ምግብ በቱቦ መስጠት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነበር። የፋብሪካ ምግብ ከመስፋፋቱ በፊት ሆስፒታሎች ራሳቸው ከወጥ ቤታቸው የተፈጨና የተጠለለ ምግብ በቱቦ ይሰጡ ነበር፤ ኋላ ግን ፋብሪካው ልኬቱንም ንጽሕናውንም ስላረጋገጠ የቤቱ ተተወ። በ2011 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካው ሲንሲናቲ የሕፃናት ሆስፒታል የወጣ አንድ ጥናት ነገሩን መልሶ አነሳው። የጨጓራቸው ምግብ ወደ ላይ እንዳይመለስ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 33 ልጆች የተፈጨ ምግብ በሆድ ቱቦ ሲሰጣቸው፣ የሚያስቸግራቸው ማቅለሽለሽና ቋቅ ቋቅ ማለት ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ቢያንስ በ76 በመቶ መቀነሱን ወላጆቻቸው ተናገሩ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ መስካሪዎቹም ወላጆች ናቸው፤ እኔም ብዙ አልደገፍበትም። ያም ሆኖ የብሪታንያ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ማኅበር ቀድሞ ይመክር ያልነበረውን ይህን አሠራር፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ቤተሰቡን እንዴት መደገፍ እንደሚገባ ለባለሙያዎች የሚያስረዳ መመሪያ አውጥቶለታል።

እኛ ዘንድ ግን ክርክሩ ራሱ ቅንጦት ነው። የአንድ ቆርቆሮ የዱቄት ወተት ዋጋ ሺህ ብርን በተሻገረበት፣ ቆርቆሮውም በቀናት ውስጥ በሚያልቅበት አገር፣ ድሃዋ እናት ተፈቀደላትም አልተፈቀደላትም አጥሚት ታፈላለች። ስለዚህ ጥያቄው የቤት ምግብ በቱቦ ይግባ ወይስ አይግባ ሊሆን አይችልም፤ እየገባ ነው። የሚገባው በልክ ነው ወይስ በግምት? ክርክሩ መሆን ያለበት እዚህ ላይ ነው።

በግምት ሲሆን የሚደርሰውን ጉዳት በቁጥር ማየት ይቻላል። ቱቦው እንዳይዘጋባት የምትሰጋ እናት አጥሚቱን ታቀጥነዋለች። 50 ግራም የገብስ ዱቄት በአንድ ሊትር ውኃ ብታፈላ፣ ልጁ ከሊትሩ የሚያገኘው 175 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። በቀን 900 ኪሎ ካሎሪ የሚያስፈልገው ልጅ ያን ለማግኘት ከአምስት ሊትር በላይ መውሰድ ይኖርበታል፤ ጨጓራው ግን በአንድ ጊዜ 200 ሚሊ ሊትር፣ በቀን አምስት ጊዜ ቢቀበል ነው። ልጁ ሆዱ ሞልቶ፣ ሳያለቅስ፣ ይከሳል። ቤተሰቡም ሆነ ጎረቤቱ ክሳቱን ከበሽታው ይቆጥረዋል እንጂ ማንም ድስቱን አይጠረጥርም።

መፍትሔው ከጓዳችን የራቀ አይደለም። ለጠላ የምናበቅለው ብቅል ወፍራም ገንፎን የማቅጠን ኃይል አለው፤ ሲበቅል በእህሉ ውስጥ የሚፈጠረው ኢንዛይም ገንፎውን የሚያጠብቀውን ስታርች ይሰባብረዋል። ዱቄቱ በደንብ ከበሰለ በኋላ ድስቱ ከእሳት ወርዶ በረድ ሲል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ተጨምሮበት ቢማሰልና ለ10 ደቂቃ ያህል ቢቆይ፣ በማንኪያ ይቆም የነበረው ገንፎ መፍሰስ ይጀምራል። ብቅሉ ራሱ ጀርም ሊኖርበት ስለሚችል መልሶ ማንተክተክ ግድ ነው። በዚህ መንገድ 150 ግራም ዱቄት በግማሽ ሊትር ውኃና በግማሽ ሊትር ወተት ተሠርቶ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ቢታከልበት፣ ከቀደመው ብዙም በማይበልጥ መጠን ከ1000 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይገኛል። በደንብ የተቀቀለ እንቁላልም፣ የተከካ ምስርም አብሮ ሊፈጭ ይችላል። አብሽና ተልባ ግን ሲርሱ ስለሚያዝለገልጉ ለቱቦ አይሆኑም።

ሐኪሞቹ የሚሰጉት በከንቱ አይደለም። የተፈጨ ምግብ በሚሰጥባቸው አገሮች የሚመከረው ቢያንስ 14 ፍሬንች የሆነ፣ ማለትም 4.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የሆድ ቱቦ ነው፤ በልጆች አፍንጫ የሚገባው ብዙ ጊዜ የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ እኛ አገር ምግቡ በጥሩ ወንፊት ሁለት ጊዜ መጠለል፣ ቱቦውም ከምግብ በፊትና በኋላ በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት። መድኃኒት ከምግቡ ጋር አይደባለቅም፤ ለብቻው ይሰጣል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ለቀኑ ሙሉ አንድ ጊዜ አብስሎ ማስቀመጥ አደገኛ ነው፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ የቆየ ምግብ ይደፋል። መብራት በጠፋ ቁጥር የጁስ መፍጫው ስለሚቆም፣ ያለ መፍጫ የሚሠራ አንድ አማራጭም እናትየዋ ማወቅ ይኖርባታል። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን፣ ወይም ቱቦው ከጨጓራ አልፎ አንጀት ለሚደርስ ልጅ ደግሞ ይህ ሁሉ አይሠራም።

ሌላም ጉዳይ አለ፤ የሥነ ምግብ ትምህርት ሲሰጥ አይነሳም። በአቢይ ጾም የቤቱ ድስት የጾም ድስት ነው። ሕፃን እንዲጾም ቤተ ክርስቲያን አታስገድድም፤ ነገር ግን ዕቃው እንዳይነካካ በመስጋት ብቻ ወተቱና እንቁላሉ ለሁለት ወር ያህል ከልጁ ምግብ ይወጣሉ። ለልጁ ለብቻው አንድ ትንሽ ድስት ይመደብለት ብሎ የሚመክር ነርስ ወይም የንስሐ አባት ቢኖር ብዙ ይረዳ ነበር።

ከሆስፒታሎቻችን የምጠይቀው ብዙ ወጪ የሚያስወጣ አይደለም። ልጁ በቱቦ እየተመገበ ከመውጣቱ በፊት እናትየዋ ራሷ አንድ ጊዜ በባለሙያ ፊት አብስላ፣ ጠልላ፣ ሰጥታ ትታይ። ልኩ በግራም ብቻ ሳይሆን በቤቷ ኩባያና ማንኪያ ተጽፎ ይሰጣት፤ ማንበብ ለማትችል በሥዕል ይሁንላት። በጤና ጣቢያ የሚደረገው የምግብ እጥረት ልየታ በአብዛኛው ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን የሚመለከት ስለሆነ፣ የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ በቱቦ እየተመገበ ቢከሳ የሚያየው የለም። ቱቦ ለማስቀየር ሲመጣ ይመዘን፤ ክብደቱ ካልጨመረም ከመድኃኒቱ በፊት የሚበላው ይጠየቅ።