ይድረስ በብስክሌት መስመር ላይ «ለሁለት ደቂቃ» ለቆሙት ክብርት መኪና

ጉዳዩ፦ ይቅርታ ስለመጠየቅ

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ የቀኝ የኋላ በርዎ እንዴት እንደሰነበተ እጠይቃለሁ። እኔ በበኩሌ ክብር ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ፤ የግራ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ በወረድኩ ቁጥር የእርስዎን ነገር ያነሣብኛል። ሰሌዳዎን እዚህ ላይ አልጠቅስም። ኮድ 2 ቢሆኑ ኮድ 3፣ ቤንዚን ቢጠጡ በኤሌክትሪክ ቢሄዱ፣ ለእኔ ሁላችሁም አንድ ናችሁ፤ አራቱንም ፍሬቻ ታበራላችሁ፣ ፍሬቻው ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥርም የቆማችሁበት መሬት የእናንተ እየሆነ ይሄዳል።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የሆነው ነገር ቢሆንም፣ የእኔና የእርስዎ ጉዳይ የሚጀምረው የኪራይ ቤት ስፈልግ ከነበረበት ጊዜ ነውና ትንሽ ወደ ኋላ ልመልስዎት። ቤት ፈላጊ የሚጠይቀው ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ቆጣሪው የግል መሆን አለመሆኑንና አከራይዋ ግቢው ውስጥ መኖር አለመኖራቸውን ነው። እኔ ግን ለደላላው ሌላ መስፈርት ጨመርኩለት፤ ኦሎምፒያ ወዳለው መሥሪያ ቤቴ ላብ ሳያጠምቀኝ በብስክሌት የምደርስበት ሰፈር ይሁንልኝ አልኩት። ደላላው ጥቂት ዝም ብሎ አየኝና፣ «ጋሼ፣ እኔ ያሉኝ መኪና የሚያስገቡ ናቸው፤ ሳይክልማ የትም ይገባል» አለኝ። እውነቱን ነው። እርስዎ ሥር ጭምር ይገባል።

በሞተር ለሚያያት ሰው አዲስ አበባ ሜዳ ልትመስል ትችላለች፤ በፔዳል ለሚያያት ግን ወደ ደቡብ ያዘነበለች ጣሪያ ናት። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፣ ቦሌ ኤርፖርት ደግሞ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ወንዞቿም በአብዛኛው ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሚወርዱ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ሸለቆ ወርዶ ሸለቆ መውጣቱ አይቀርለትም። በዚህ ላይ የከተማዋ አየር ከባሕር ዳርቻ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ሁለት ጎማ የሚነዳ ሰው ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከደረቱ ይማረዋል። ስለዚህ ብስክሌተኛ ሰፈር መረጠ ማለት ላቡን ለየትኛው ሰዓት እንደሚያቆየው ወሰነ ማለት ነው። የጠዋት ላብ አለቃ ፊት ያቀርባል፣ የማታ ላብ ግን ቤት ገብተው የሚታጠቡት ነው። ከቢሮው በላይ የሚኖር ሰው ጠዋት ደርቆ ይደርሳል፤ ክረምትም ቢሆን ዝናቡ ይበልጥ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ይህ ሒሳብ ብዙ አይፋለስም።

በዚህ ሒሳብ ከተማዋን ዞርኩ። ሽሮ ሜዳን አየሁ፤ ቁልቁለቱ ፍሬን ይበላል፣ ዳገቱ ደግሞ ሰው። ፒያሳን አየሁ፤ ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር መውረድ ነፍስ ያድሳል፣ ማታ ያንኑ ጎዳና ሽቅብ ስገፋ ግን አንድ ቀን ጥቁር አንበሳ ላይ ስደርስ ማለፌ ቀርቶ ወደ ሆስፒታሉ ልታጠፍ እንደምችል ታየኝ። ቀበና ገና ቁርሴ ሳይወርድ የግንፍሌን ዳገት ያስከፍለኛል። መሿለኪያ ለጥ ያለና ቅርብ ነበር፤ መንገዱን ግን ባቡሩና የጭነት መኪናው ተካፍለውት ለእኔ የተረፈኝ የቦዩ ክዳን ነው። ካዛንቺስ ለልቤም ለእግሬም ይቀርብ ነበር፤ ቤት ሳላገኝበት ሰፈሩ ራሱ ለልማት ተነሣ። ስለ መርካቶ አላወራም።

በመጨረሻ አራት ኪሎ፣ ከዋናው መንገድ ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ተገኘልኝ። የኮሪደር ልማቱ ከአራት ኪሎ በመስቀል አደባባይ አድርጎ ወደ ቦሌ የብስክሌት መስመር ዘርግቷልና ጠዋት ጠዋት የምነዳው አራት ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አብዛኛው ቁልቁለት፣ ደግሞም የእኔ ሊሆን ነው። አከራዬ ብስክሌቱ ሴራሚካቸውን እንዳያቆሽሽ በየቀኑ ጎማውን በጨርቅ እንድጠርግ አስማሉኝ፤ ማልኩ። ኪራዩ ካሰብኩት በላይ ነበር፤ ያንን ልዩነት የምከፍለው ለመስመሩ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የኪራይ አዋጁ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ ስለሚያዝ ለ2 ዓመት ፈረምኩ። ዳገቱን አስቤ ነበር፣ ወንዙን አስቤ ነበር፣ ዝናቡንና ሴራሚኩን ሳይቀር አስቤ ነበር። እርስዎን አላሰብኩም።

ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ፍላሚንጎን አልፌ ወደ ኦሎምፒያ ስቃረብ፣ እርስዎ አንድ ካፌ ደጃፍ ላይ፣ ጠርዙን ወጥተው በመስመሩ ላይ ቆመዋል። መሬት ላይ የተሳለችው ነጭ ብስክሌት ከሆድዎ ሥር ተጋድማ የኋላ ጎማዋ ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል፤ ሥዕሏም እንደ እኔ መሄጃ ያጣች ትመስል ነበር። ወደ አስፋልቱ ልወርድ ስል ከኋላዬ የመጣው ሚኒባስ ረዳት ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ፣ «ፍሬንድ፣ መንገድ ተሠርቶልህ የለም እንዴ! መስመርህን ያዝ!» ብሎ ጮኸብኝ። ሕግ ነውና መስመሬን ልይዝ ተመለስኩ፤ መስመሬን እርስዎ ይዘውታል። የኋላዬ ክላክስ ሲበረታብኝ፣ በእርስዎና በአበባው መደብ መካከል የቀረችውን፣ የብስክሌቴን መሪ በጭንቅ የምታሳልፈውን ክፍተት መረጥኩ። አለፍኩ ስል የቀኝ የኋላ በርዎ ተከፈተ።

አወዳደቄን አላስረዝምም። አበባው በማለዳ ውሃ ጠጥቶ ስለነበር ጭቃው ለስላሳ ነው፤ ለአጠጪው ምስጋናዬ ይድረሰው። ስነሣ ነጩ ሸሚዜ በቀኝ በኩል ከብብቴ እስከ ቀበቶዬ ቀይ አፈር ለብሷል፣ በጀርባ ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው ምሳ ዕቃም ክዳኑን ጥሎ ሽሮዬ ለ3 ሰዓቱ ስብሰባ ካተምኩት ሪፖርት ጋር ተዋውቋል። ከበርዎ የወረዱት እመቤት «ውይ!» አሉ። ወዲያውም ስልካቸውን ወደ ጆሯቸው መልሰው በወዲያኛው ጫፍ ላሉት ሰው፣ «ምንም አይደል፣ አንድ ሳይክል ነው» ብለው ወደ ካፌው ገቡ። አንድ ሳይክል ነው። እላዩ ላይ ሰው ስለመኖሩ በንግግሩ ውስጥ አልተነሣም።

በእሳቸው መግቢያ ባለቤትዎ ወጡ፤ በግራ እጃቸው በብርጭቆ የተቀዳ ማኪያቶ ይዘዋል። አንገታቸውን አስግገው በፍጥነት ሲመጡ ሊያነሡኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። ጎንበስ አሉ፣ ግን ወደ በርዎ ነው። አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው የበሩ ጠርዝ ላይ ያለች ጭረት መሳይ ነገር ሦስት አራት ጊዜ አሹ፤ የእኔ ጭቃ ነበረችና ለቀቀች። ደስታቸውን በፊታቸው ካየሁ በኋላ ቀና ብለው፣ «ሁለት ደቂቃ ብንቆም ምን አለበት? አታይም እንዴ?» አሉኝ።

ይህን ጊዜ ዩኒፎርም የለበሰ አንድ ወጣት እየሮጠ ወደ እኛ መጣ። ልቤ ተጽናና፤ የሚያየኝ አገኘሁ አልኩ። ወጣቱ ሲደርስ እርስዎን አላየም፣ እኔንም አላየኝም፣ መሬቱን አየና፣ «ይሄን አበባ የረገጠ ማነው?» አለ። መልሱ ከሸሚዜ ላይ ይነበብ ነበር።

ሦስት ችግኝ ሰብሬአለሁ፤ በጣቱ እያመለከተ ቆጠረልኝ። ቀጥሎ ስሜን፣ ስልኬንና መሥሪያ ቤቴን የምሞላበት ቅጽ ሰጠኝ። «የተሽከርካሪ ዓይነት» በሚለው ቦታ «ብስክሌት» ብዬ ጻፍኩ፤ «የሰሌዳ ቁጥር» የሚለው ላይ ስንደርስ ግን ሁለታችንም ቆምን። ባዶ ልተወው ስል ባዶ አይቀበሉኝም አለ፤ ሰረዝ ላድርግ ስል ሰረዝ ባዶ ነው አለ፤ ብዙ ከተመካከርን በኋላ «የለውም» ተብሎ እንዲጻፍ ተስማማን። ሰሌዳ ያለው ነገር ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል፣ ነገር ግን አበባ አልረገጠምና ቅጹ አይመለከተውም። ስለ እርስዎ ብጠይቀው ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሱ የትራፊክ ነው፤ እኔን የሚመለከተኝ አበባው ነው» አለኝ። (ክፉ ልጅ አይደለም። በማስጠንቀቂያ ለቀቀኝ፣ የተጠማዘዘውን መሪዬንም ጎማውን በጉልበቱ መሃል ይዞ አቃናልኝ።) ፈርሜ ቀና ስል እርስዎ የሉም። ከሥርዎ የወጣችው ሥዕል ላይ አንዲት የዘይት ጠብታ ብቻ ቀርታለች።

ስብሰባው ላይ አለቃዬ ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣ «አሁንም በዚያ በልጆች ነገር ነው የምትመጣው?» አሉኝ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በገባችበት በ1949 ዓ.ም. ከሯጮቿ ጋር እነ ገረመው ደንቦባን በብስክሌት ሜልቦርን መላኳን ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ ሽሮ የሚሸት ሪፖርት ይዞ ታሪክ መጥቀስ ግን አይመችም።

ክብርት ሆይ፣ እስካሁን በጨዋ ቋንቋ መጥቻለሁ። የ11 ዓመት ልጅ አለችኝ። ያንን ቤት የመረጥኩት ለራሴ ብቻ አይደለም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ከፊት እሷ ከኋላ ሆነን እስከ መስቀል አደባባይ እንነዳለን። ማክሰኞ ማታ የጎረቤቴን መኪና በር አስከፍቼ ብስክሌቷ ላይ እንደተቀመጠች አጠገቡ አቆምኳት። እኔን ጉልበቴን ያገኘኝ በር ነው፤ የላይኛው ጫፉ እሷን ከአገጯ ጋር እኩል ነው። ምን እንደምለካ ጠየቀችኝ፣ አልመለስኩላትም። ሁለት ደቂቃ ትላላችሁ! ከእናንተ ሸሽታ ወደ አስፋልቱ ብትወርድ ሚኒባሱ ሁለት ደቂቃ አይሰጣትም፣ ሁለት ሰከንድም አይሰጣትም። ለማኪያቶ ነው። ለማኪያቶ ብላችሁ ልጄን መኪና ፊት ትገፏታላችሁ፣ ከዚያ ወጥታችሁ በሩን በምራቅ ታሻላችሁ። ቅዳሜ አልወጣንም። ለምን ስትለኝ ጎማዬ ተንፍሷል አልኳት። ወደ ጎሚስታ እንውሰደው ብላ ብስክሌቴን ስታወጣ ጎማው ድንጋይ ነው፤ ጨምቃ አየችው፣ ቀጥላም እኔን አየችኝ፣ መልሳም አስገባችው።

የቀሩት ቅሬታዎቼ የቆዩ ናቸውና ባጭሩ ላሳልፋቸው። ባለፈው በመስመሩ ላይ ሶፋ ሲያወርዱ ያገኘኋቸው ወገንዎ፣ ቢያንስ ተቀመጥ ብለውኛል። በዝናብ ጊዜ ከኩሬው ሁሉ ትልቁን እየመረጡ አጠገቤ የሚያልፉት፣ እጃቸው አይስትም። የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ለእርስዎ ዓይነቶቹ ሰንሰለት አውርዶ በሰላምታ ሲያስገባ፣ የእኔን ብስክሌት ውጭ ከዛፉ ጋር እንዳስር ነግሮኛል፤ ባለፈው ወር ኮርቻው ተወስዶ ቆሜ እየነዳሁ ቤቴ ገባሁ፣ ሽቅብ። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው፣ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለሰው በሚለቀቅበት «መንገድ ለሰው» እሑዶች ግን እርስዎን አንድም ቀን አላየሁዎትምና በእነዚያ ቀኖች ቅሬታ የለኝም። ችግሩ እሑድ ሥራ አልገባም።

ስለዚህ በጉዳዩ ላይ እንደተመለከተው፣ የበርዎን አከፋፈት በመገኘቴ ስላስተጓጎልኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከይቅርታዬ ጋር አንዲት ልመና አለችኝ። ደላላው ትናንት ሲደውልልኝ፣ ውሉ ሲያልቅ የምገባበትን ሌላ ቤት ከወዲሁ እንዲያይልኝ ነግሬዋለሁ፤ የትኛው ሰፈር ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁ። እርስዎ ከተማዋን ከእኔ ይልቅ ያውቋታልና፣ የማይቆሙበት ሰፈር ካለ በደብዳቤ ቢያሳውቁኝ እወድዳለሁ። ዳገት ቢሆን ግድ የለኝም። ሽሮ ሜዳም ቢሆን እገባለሁ።

ከከበረ ሰላምታ ጋር፣
ሰሌዳ ቁጥር፦ የለውም

ግልባጭ፦
ለሦስቱ ችግኞች
ባሉበት